አባዬ፣ ስለ ሞተሯ ራሴ ልንገርህ

ሼፊልድ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ግፊቱስ እንዴት አደረገህ? ድሬ አሁን ትንሽ ተንፈስ የሚባልባት ወቅት ናት፤ ማታ ማታ ሽርጥህን አገልድመህ በረንዳ ላይ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ እየረገፈ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ገና ጨለማ ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልኩ ስላልሆነልን ነው። "ሞተር ገዛሁ" ስልህ "የማን ሞተር ተቃጠለ?" አልከኝ። "አልተቃጠለም፣ ገዛሁ!" ብዬ ስጮህ ከታች ያለው ጎረቤቴ በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን ደበደበው። በኋላ እማዬ ስታስረዳህ ዝም አልክ። "አባትሽ ተነስቶ ወጣ" አለችኝ። ይህን ዝምታህን አውቀዋለሁ። ወርክሾፕም እያለህ ነገር ካልጣመህ አትከራከርም ነበር፤ ቁልፍህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ መውጣት ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልህ። የእህቴ ልጅ ፊደሉን አጉልቶ ያትምልሃል። ከዚህ ውስጥ የማይገባህ ነገር የለም። የማትስማማበት ይኖር ይሆናል፤ እሱን መልሰህ ጻፍልኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁ። ሥራዬ አዛውንቶችን መንከባከብ መሆኑን ታውቃለህ፤ ግን አንድ ቤት ገብቼ እዚያው የምውል ይመስልሃል። እንደዚያ አይደለም። ጠዋት አንዲት እናት ቤት እገባለሁ። ከአልጋ አነሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ከዚያ ወደ ሌላ ቤት። ከዚያ ወደ ሌላ። ቤቶቹ ደግሞ አንዱ ከተማው ጫፍ፣ አንዱ ሌላኛው ጫፍ ናቸው። ሼፊልድን ሜዳ አድርገህ አታስባት። የደንገጎን ዳገት ቆራርጠው ሰፈር ለሰፈር ያከፋፈሉት ነው የሚመስለው። እሁድ እሁድ አውቶቡስ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ እስክደርስ እኒያ እናት እርጥብ አንሶላ ላይ ተኝተው ይጠብቁኛል። ብርዱንም፣ የአለቆቼንም ጭቅጭቅ እችለዋለሁ። ይህን ግን አልቻልኩም።

መኪና እንዳልገዛ ኢንሹራንሱ ብቻውን ይውጠኛል። ብስክሌት ከዳገቱ ጋር አይታሰብም። የቀረው ሞተር ሳይክል ነበር። ለሽርሽር አይደለም ማለቴ ነው። ሽርሽሩም ጨርሶ አልቀረም፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

እዚህ አገር ደግሞ ማንም ተነስቶ ሞተር ላይ አይወጣም። የአንድ ቀን የግዴታ ሥልጠና አለ። መጀመሪያ ዓይን ይፈተሻል፤ ራቅ ብሎ የቆመ መኪና ታርጋ ያስነብቡሃል። ስለ ሄልሜትና ስለ ልብስ ያስተምራሉ። ቀጥሎ በተዘጋ ግቢ ውስጥ መነሳት፣ መቆም፣ ስምንት ቁጥር መሥራት፣ ድንገተኛ ፍሬን መያዝ። ይህን የቻለ ሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ዋናው መንገድ ላይ ይነዳል፤ አሠልጣኙ ከኋላ እየተከተለ በጆሮ ማዳመጫ ያዝዘዋል። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት ከ125 ሲሲ በላይ መንዳት ክልክል ነው። ሞተርዌይ የሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ መውጣትም ክልክል ነው። ሰው ማፈናጠጥም እንዲሁ። ስለዚህ እማዬ "ማንን አፈናጥጣ ትዞር ይሆን" ብላ የምታስበው ነገር ካለ ይቅርባት።

ከፊትና ከኋላ ነጭ ሰሌዳ ላይ ቀይ የኤል ፊደል ለጥፌያለሁ። ለማጅ ነኝ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን መኪኖቹ ራቅ ይሉልኛል።

በግራ መንዳቱ እኔንም አሳስቦኝ ነበር። አደባባይ ሲደርሱ ወደ ግራ ነው የሚገቡት፣ ቅድሚያው በቀኝ ለሚመጣ ነው። ግን ድሬ ላይ መኪና ነድቼ ስለማላውቅ የሚረሳ ልማድ አልነበረኝም። ከአገር ቤት ሾፌር ሆነው የመጡት ናቸው የሚቸገሩት።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ። እዚህ ላይ አንተን እያሰብኩ ነው የሠራሁት።

መጀመሪያ ያየሁት ሌላ ሞተር ነበር። የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋው ደግሞ ርካሽ። ሻጩ ማታ ካልሆነ አይመቸኝም አለ። ስልኬን አብርቼ መሪው አንገት ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ስፈልግ ሁለቱ አኃዞች ተፍቀዋል። "ዝገት ነው" አለኝ። ዝገትና የሞረድ ጥርስ የማልለይ መስሎት! ምንም አላልኩም፤ ያንተን አወጣጥ ወጣሁ። እዚህ አገር ሞተር ሳይክል መስረቅ የታወቀ ሥራ ነው። ሊብሬ ያለው ሁሉ ባለቤት አይደለም። ሊብሬው ራሱ "ይህ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም" የሚል ጽሑፍ አለበት። ስለዚህ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ማመሳከር፣ የሽያጭ ደረሰኝ ማስፈረም ግድ ነው።

አንድ ነገራቸው ግን ያስቀናኛል። ከ3 ዓመት በላይ የሆነ ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ኤም ኦ ቲ ይሉታል። ውጤቱ ምስጢር አይደለም። የታርጋ ቁጥሩን መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስታስገባ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ2005 ወዲህ ያለው ይወጣል። በየዓመቱ ስንት ማይል እንደሄደ፣ በምን እንደወደቀ፣ ምን እንደተባለ፣ ሁሉም በነጻ። እኛ ያገለገለ መኪና ስንገዛ የምናየው የሻጩን መሐላ ነው። ከመሐላ ይህ ይሻላል።

የገዛኋት ሆንዳ ሲጂ 125 ናት፤ በእነሱ አቆጣጠር የ1996። አንድ ሽማግሌ ጓሮ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍና ነበር። የልጅ ልጃቸው ነድቷት፣ መኪና ሲገዛ ትቷት ሄዷል። እንደደረስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ያስተማርከኝን ነው። ሞተሩን በእጄ ነካሁ። ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተር ያሞቃል፣ የሞቀ ሞተር ደግሞ ጉዱን ይደብቃል ትለኝ ነበር። ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ክረምት እንደዚያው ቀዝቅዞ ከርሟል! በእግር ብረግጣት ብረግጣት ወይ ፍንክች። ሽማግሌው ሻይ ይዘው መጡ፣ እኔ ደግሞ ፍተሻዬን ቀጠልኩ። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ግን ውሃ አልገባበትም፣ የብረት ቅንጣትም የለበትም። ስረግጣት እግሬን መልሳ ትገፋለች፤ የፒስቶኑ ፋሻዎች ደህና ናቸው ማለት ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቼ መሪውን ቀስ ብዬ ሳዞር መሃል ላይ ትንሽ ያዝ ታደርጋለች። የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል።

ያችን ኩሽኔታ ይዤ ዋጋ ቀነስኩ። እዚህ ሰው መከራከር ያፍራል። እኔ ግን እማዬን ተከትዬ ቀፊራ ገበያ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ለቀቁ። የመለዋወጫ ሳጥንም መረቁልኝ።

ስለዚህች ሞተር አንድ ነገር ልንገርህ፣ ደስ ይልሃል። ሆንዳዎች የሠሯት ለእንግሊዝ አይደለም። መሐንዲሶቻቸው በእነሱ 1970ዎቹ ሙቅ አገሮች እየዞሩ ሰው ሞተሩን እንዴት እንደሚይዝ አዩ። ዘይት የማይቀይር፣ የአየር ፊልትሮ የማያጸዳ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ጭኖ የሚሄድ። ተጠቃሚውን ከመውቀስ ይልቅ ይህን የሚችል ሞተር ሠሩ። ቫልቮቹን የሚገፋቸው እንደ ሌሎቹ ረጅም ካቴና ሳይሆን ተራ ዘንግ ነው። ብዙ የሚላላ፣ ብዙ የሚስተካከል ነገር የላትም። የጎማው ካቴናም አቧራ እንዳይገባበት በሽፋን ውስጥ ነው። በ1976 ለገበያ ወጣች። ብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች ይህንኑ አሠራር ነው የቀዱት፤ ሰፈራችን ውስጥ ሲያልፉ የምትረግማቸው እነሱን መሆኑ ነው።

ቤት ያመጣናት ሁለት በር አልፎ በሚኖር የሐረር ልጅ ቫን ነው። አፉ አያርፍም። "ድሬ የተፈጠረችው ባቡሩ ዳገት ስላቃተው ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው መቼም፤ ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ተራራው ወጪ ስላበዛ ነው በእኛ አቆጣጠር በ1895 እኛ ጋ የቆመው። የመጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። እኔ ደግሞ "ቢያንስ እኛ ባቡር አይተናል" እለዋለሁ። "እኛ ሐረር ፔጆ 404ን ከፈረንሳዮቹ በላይ አኑረናል" ይላል። እንዲህ እየተባባልን ነው ብሎን ስንፈታ የምናመሸው።

መጀመሪያ የሠራሁት ፍሬኑን ነው። ትነሳ እንደሆነ ሳላውቅ መቆሟን ነው ያረጋገጥኩት። ዲስክ የላትም፣ የፊቱም የኋላውም በሸራ ነው። የፊቱ ሸራ ሙልጭ ብሎ እንደ መስታወት ሆኗል። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ የፍሬን ገመዱንም ቀየርኩ። ቀጥሎ ጎማ። ሽማግሌው "ጎማዋ አዲስ ነው" ብለውኝ ነበር፤ ጥርሱን ላየ እውነት ይመስላል። ግን ጎማ ጎኑ ላይ አራት አኃዞች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። የእኔዎቹ 2311 ይላሉ፤ በእነሱ አቆጣጠር የ2011 23ኛ ሳምንት። ላስቲኩ ደርቆ እንጨት ሆኗል። ዝናብ ላይ እንዲህ ያለ ጎማ ገዳይ ነው። ከነከመነዳሪያቸው ጣልኳቸው። ይህን ለእህቴ ባል ንገረው፤ ለባጃጁ "አዲስ" ጎማ ሲገዛ ቁጥሩን ያንብብ።

ካርብራተሩን ስፈታው ቤንዚኑ ውስጡ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ቤንዚኑን የምታሳልፈው ትንሿ ጂግለር ድፍን ብላለች። ሽቦ አልከተትኩባትም። የሐረሩ ልጅ ሊከት ነበር፣ እጁን መታሁት። ሽቦ ቀዳዳዋን ካሰፋት ከዚያ ወዲያ ቤንዚኑ ልክ አይመጣም። በማጽጃ ዘፍዝፌ በአየር ነፋኋት። ታንከሩ ውስጥ ዝገት ነበር። ኮምጣጤ ሞልተን፣ አንድ እፍኝ ዳዶ ጨምረን አሳደርነው፤ በማግስቱ በየተራ ነቀነቅነው። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያየን ነበር። በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቄ እዚያው አደረቅሁት፤ ታውቀዋለህ፣ ርጥብ ብረት እያየኸው ነው መልሶ የሚዝገው።

የቤንዚኑም ነገር አለ። እዚህ በእነሱ አቆጣጠር ከ2021 ወዲህ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ለአዳዲሶቹ ምንም አይደለም። የአሮጌ ሞተር ላስቲክና ጓርኒሲዮን ግን አይወደውም፣ ውሃም ይስባል። እኔ ወደድ ያለውን፣ እስከ 5 በመቶ ብቻ ያለበትን ነው የምቀዳው። ታንከሯ ትንሽ ስለሆነ ኪስ አይጎዳም።

ዕቃ ፍለጋውን ብታይ ግን ትስቃለህ። የእያንዳንዷ ብሎን ቁጥር አላት። ሥዕሉን ስልክህ ላይ ከፍተህ ቁጥሩን ትጽፋለህ፣ ዕቃው በፖስታ በር ድረስ ይመጣል። እናንተ ቶርኖ ላይ ቆማችሁ የጎደለውን ስታወጡ የነበራችሁ ሰዎች እዚህ ብትመጡ ሥራ ትፈታላችሁ። እኔ ግን አንዱን ነገር እንዳንተ ነው የሠራሁት። የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው ማቀፊያ ተበልቶ ነበር፤ አዲሱ ውድ ሆነብኝ። ከላሜራ ቆርጬ፣ ሞርጄ አወጣሁት። ቆንጆ አይደለም። ይይዛል።

ከሁሉ ያስቸገሩኝ ማርሚታውን ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ጋር የያዙት ዳዶዎች ናቸው። እዚህ ክረምት መንገዱ በረዶ እንዳይዝ ጨው ይበትኑበታል፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ከምንከባከባቸው አንዱ ሽማግሌ ብረት ፋብሪካ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። እንዳንተው ጆሯቸው ደክሟል። ካልሲያቸውን እያለበስኩ ነገሩን በጩኸት ስነግራቸው "ዘይት አድርጊበት፣ መታ መታ አድርጊው፣ ከዚያ ተይው፣ ነገ ተመለሺ። ነገም እንቢ ካለ በእሳት አሙቂው" አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ አንድም ሳይሰበር ወጣ። በማግስቱ ስነግራቸው ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባ የሚጠይቁኝ ስለ ሞተሯ ነው። መድኃኒቱንም ሳይነጫነጩ ይውጣሉ።

የኚህ ሰውዬ ከተማ የብረት ከተማ ናት አባዬ። የማይዝገው ብረት በእነሱ አቆጣጠር በ1913 የተገኘው እዚሁ ነው። አንድ ቀን ሳስበው ትዝ አለኝ፤ ሳጥንህ ውስጥ ያለው ያ ትልቁ ሞረድ እጀታው ሥር ጽሑፍ ነበረው። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየዳሰስኩ ፊደሎቹን እቆጥር ነበር። ሼፊልድ ይላል መሰለኝ። እስቲ እይልኝ። ካለ ፎቶ አንሥቶ የእህቴ ልጅ ይላክልኝ፣ ለሽማግሌው አሳያቸዋለሁ።

ምርመራውን አለፈች። መርማሪው መብራቱን፣ ክላክሱን፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መሪውን አንድ በአንድ አየ። የመሪውን ኩሽኔታ አዲስ ስላስገባሁ መሪዋ ያለ ምንም መያዝ ትዞራለች። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ጻፈ፤ የፊት አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ትንሽ ዝገት አለ። ይኸው ድረ ገጹ ላይ ለዘላለም ተጽፏል። የሠራኋት ሞተር በመንግሥት መዝገብ ላይ አለች ማለት ነው። ይህን ለጓደኞችህ ንገራቸው።

እሺ፣ አሁን የምትፈራውን እናውራ። አያሰጋም አልልህም። ድል ጮራ ሆስፒታል በር ላይ ከሞተር የወደቁ ሰዎች ሲያወርዱ አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ። እዚህም ይወድቃሉ። ሾፌሮቹ መንታ መንገድ ላይ ብቅ ይሉብህና "ይቅርታ፣ አላየሁሽም" ይላሉ። ስለዚህ እንዳዩኝ አላምንም፤ ዓይናቸውን ካላየሁ አላልፍም። ከሩቅ የሚያበራ ቢጫ ሰደርያ እለብሳለሁ። ሄልሜቴን አዲስ ነው የገዛሁት፤ ያገለገለ ሄልሜት ምን እንደደረሰበት አይታወቅም። ጃኬቱ ክርንና ትከሻው ላይ መከላከያ አለው። ርጥብ ቅጠል ላይ ፍሬን አልይዝም። ሌሊት ውርጭ ከጣለ ሞተሯ ከነልብሷ ትቀመጣለች፣ እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ አለቆቼ የፈለጉትን ይበሉ። ጨው ላይ ነድቼ ስመለስ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባታለሁ፣ ካቴናዋን ዘይት እቀባለሁ።

ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አቁሚ ብትለኝ እንደማላቆም ታውቃለህ፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ግን አንተ የምትፈራውን እኔም ስለምፈራ ነው እነዚህን ሁሉ የማደርገው።

አሁን እኒያ እናት ዘንድ በሰዓቴ እደርሳለሁ። እሁድም ሳይቀር። ሄልሜቴን ኮሪደሩ ላይ ሳስቀምጥ ድምፁን ሰምተው "መጣሽ?" ይሉኛል።

ሽርሽሩን ልንገርህ ብዬ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ፒክ ዲስትሪክት የሚባል ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከእንግሊዝ ብሔራዊ ፓርኮች የመጀመሪያው ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1951 የተከለለ። አንድ ቅዳሜ ሥራ በጊዜ አልቆ ዝናቡም ሲያቆም ወደዚያ ነዳሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ በግራና በቀኝ የድንጋይ ካብ፣ ዛፍ የሌለው ገላጣ ተራራ። በጎች መሃል መንገድ ላይ ተኝተው አይነሱም። አንደኛው ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እያቃሰተች ወጣች። የሐረሩን ልጅ አሰብኩት፤ ዳገት አላቃታትም። አናቱ ላይ አጥፍቼያት ዳቦዬን በላሁ። ብርዱ ግን አጥንት ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህም ጭምር ነው።

የቫልቭ ክፍተቱን ራሴ አስተካከልኩ። ሞተሩ አድሮ እንደቀዘቀዘ፣ ፒስቶኑን ላይኛው ጫፍ አድርሼ፣ ማግኔቱ ላይ ያለችውን ቲ ምልክት ከመስመሯ ጋር ገጥሜ። ለሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው መመሪያዋ የሚለው። መለኪያዋን ብረት ሳስገባት ትንሽ ያዝ አድርጎ ነው የሚለቃት፤ ልክ ነው አይደል? ጠዋት ስትነሳ ድምጿ ጸጥ ያለ ነው። ዳገት ወጥታ ስትሞቅ ግን ከላይ፣ ከቴስታታው በኩል ቲክ ቲክ ትጀምራለች። ጉልበት አልቀነሰችም፣ አታጨስም፣ ዘይት አትበላም። የሐረሩ ልጅ "አጥብቂው ይጠፋል" ይላል። እኔ እምቢ ብያለሁ። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ጥርቅም ብሎ ሳይዘጋ ይቀርና ይቃጠላል፤ ትንሽ እየጮኸች ብትኖር ይሻለኛል። አንተ ምን ትላለህ? ድምፁን ቀድቼ እንዳልክልህ አትሰማውም። እጅህን ቴስታታው ላይ ብታሳርፍ ወዲያው ታውቀው ነበር፤ በጽሑፍ የቻልኩት ይህን ያህል ነው።

ስለ ጆሮህ ካነሳን አይቀር፤ ለምርመራ የላክሁት ብር በረንዳው ላይ አዲስ ቆርቆሮ ሆኖ በፎቶ አይቼዋለሁ። ቆርቆሮው ቆንጆ ነው። ጆሮህን ግን ታያለህ። በሚቀጥለው ብሩን ለእህቴ ነው የምልከው፣ እሷ ራሷ ይዛህ ትሄዳለች።

ሌላ። እማዬ የዕቃ ሳጥንህን "ለቆራሌው ሰጥቼ እገላገላለሁ" ትላለች አሉ። እንዳትሰጥ። ሞረዶቹን፣ ቁልፎቹን፣ ያችን እጀታዋ በሽቦ የታሰረችውን ካቻቢቴ ሳይቀር እፈልጋቸዋለሁ። ስመጣ ግማሹን ይዤ እሄዳለሁ፣ ክብደት ቢበዛብኝ ልብሴን ትቼ።

መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ። ቀትር ላይ ወደ ውጭ አትውጣ። እማዬን ሳምልኝ ብላለች በላት። እህቴን፣ ባሏን፣ ልጆቹን፣ የግቢውን ሰው ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለእትዬ የቀፊራውን በርበሬ መቀበሌን ንገርልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከምድር ባቡር ጓደኞችህ ማን ማን እንዳለም ጻፍልኝ።

መልስህን ለእህቴ ልጅ እየነገርከው ይጻፍልህ። ግን እንዳያሳጥረው ተቆጣው፤ የቫልቩን ነገር እንዳለ፣ ቃል በቃል ነው የምፈልገው።

ልጅህ

እንዳልረሳው፦ እማዬ ዋጋዋን ብትጠይቅህ አልጻፈችልኝም በላት። እውነትህን ነው፣ አልጻፍኩልህም።